ጫፍ ጫፉን ብቻ

ሰው ወንበሬ ላይ ተቀምጦ «ጫፍ ጫፉን ብቻ» ሲለኝ እሺ እላለሁ። እሺ ማለት ምን ይከብዳል? ነጩን ጨርቅ አንገቱ ላይ አስሬ፣ ማበጠሪያዬን አንስቼ ጫፍ ጫፉን እጀምራለሁ። ከዚያ ግራው ከቀኙ ትንሽ በልጦ ይታየኛል። ግራውን ሳስተካክል ቀኙ ይበልጣል። ቀኙን ስነካ ደግሞ የኋላው ይቀየመኛል። ሰውዬው ቀና ብሎ መስታወት ሲያይ ጫፉም የለ፣ መሀሉም የለ። ዕድሜዬን ሙሉ ጸጉር ቆራጭ ሆኜ ስኖር አንድም ሰው ጫፍ ጫፉን ብቻ ቆርጬ አሰናብቼ አላውቅም። ይህን የምናገረው በኩራት አይደለም፤ ሰፈሩ ሁሉ ስለሚያውቀው ብደብቀውም አይጠቅመኝም ብዬ ነው።

ሙያውን ያስተማረኝ አጎቴ ነው። ትምህርት ቤት ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ሆኜ መምህሩንም ቤተሰቡንም ሳሰለች፣ አባቴ እጄን ይዞ ወስዶ ለአጎቴ አስረከበኝ። አጎቴ ዝምተኛ ሰው ነበር። ደጋግሞ የሚነግረኝ አንድ ነገር ቢኖር፣ መቀስ ማንሳት ማንም ያነሳል፣ ሙያው ማስቀመጡ ላይ ነው የሚል ነበር። እኔ እሺ እያልኩ መቀሱን ከመስታወቱ ሥር በንጹሕ ፎጣ ላይ ቀጥ አድርጌ አስቀምጥለታለሁ። አጎቴ አይቶኝ በረጅሙ ይተነፍሳል። ምን እንዳስከፋው አይገባኝም ነበር።

የራሴ ሱቅ በጫማ ጠጋኝና በመድኃኒት ቤት መካከል የተሰነቀረች ጠባብ ክፍል ነበረች። አንድ ወንበር፣ አንድ መስታወት፣ ተራ ለሚጠብቅ አንድ አግዳሚ፣ በቃ። የመስታወቱ አንድ ጥግ ስለተሰነጠቀ የቀን መቁጠሪያ ለጥፌበታለሁ፤ ዓመቱ ካለፈ በኋላም አላነሳሁትም። እዚያች ክፍል ውስጥ ሙሽራም ቆርጫለሁ፣ ፍርድ ቤት የሚቀርብ ተከሳሽም ቆርጫለሁ። ሲጨርሱ ሁለቱም መስታወቱን የሚያዩበት አስተያየት አንድ ነው።

ባለቤቴ ከሱቄ ፊት ለፊት ባለው ፎቅ ላይ የተማሪ ዩኒፎርም ትሰፋ ነበር። በምን ምክንያት እንዳገባችኝ እስካሁን በትክክል አላውቅም። ስጠይቃት «ደክሞኝ ነበር» ትላለች። ቤታችን ሁለት ሕግ አለው። አንደኛው፣ የእኔ መቀስ ጨርቅ አይነካም፣ የእሷም መቀስ ጸጉር አይነካም። ባለሙያ ያውቀዋል፤ አንዴ ከተነካካ ስለቱ አለቀለት ማለት ነው። ሌላ ነገር ሁሉ የጋራ ነው፤ መቀስ ግን የየግል። ሁለተኛው ሕግ የእሷ ጸጉር ነው። ገና በተጋባን ሰሞን ላስተካክልልሽ ብላት «ስንቱን ራስ እንዳበላሸህ ከፎቅ ሆኜ ሳይ ኖሬያለሁ። ከዚህ ሁሉ መሀል አንድ ራስ እንኳን ይትረፍ» ብላ ሻሿን ጠበቅ አድርጋ አሰረች። ከዚያ ወዲያ ጥያቄውን አላነሳሁም።

አንድ ነገር ግን ቃል ገባሁላት። ልጅ ሳለች እናቷ በአንድ ትልቅ ግቢ ውስጥ ልብስ ታጥብ ነበር። ግቢው ውስጥ ቀይ ፍሬ የሚንጠለጠልበት፣ በዚያው ሰሞን ነጭ አበባም የሚያወጣ ዛፍ ነበረ። ሰዎቹ የእንጆሪ ዛፍ ይሉታል። እናቷ እንዳትነኪ፣ የሰው ነው ስላለቻት፣ ከተሰጣው ልብስ ሥር ቁጭ ብላ ፍሬውን ስታይ ትውላለች። አንድ ቀን አንዱ ወድቆ ተንከባሎ እግሯ ሥር መጣ። የወደቀ አይቆጠርም ብላ በላችው። ብዙም ሳይቆይ እናቷ ሥራ ቀየረች፣ ልጅቷም ያንን ዛፍ ዳግመኛ አላየችው። ይህን ስትነግረኝ ምን ምን ይላል ብዬ ጠየቅኋት። አፏን ከፍታ ቃል ስትፈልግ ቆየችና «እኔ እንጃ... ደስ ይላል» አለች። እኔም በሙሽርነት ወኔ፣ የራሳችን ግቢ ሲኖረን እተክልልሻለሁ አልኳት። ራስ ሳይጠና ጉተና ማለት ይኸው ነው። የምንተኛባት ክፍል እንኳን የኪራይ ነበረች።

ግቢው ሲገኝ ልጃችን አድጋ፣ አግብታ ከቤት ወጥታለች። ግቢ ስል እንዳትሳሳቱ፤ ከወጥ ቤቱ ጀርባ ያለች፣ ከአልጋ ልብስ ብዙም የማትሰፋ መሬት ናት። የሆነ ሆኖ መሬት ነው። አውቶቡስ ማዞሪያው አጠገብ መንገድ ዳር ችግኝ የምትሸጥ አንዲት ልጅ እግር ሴት ነበረች፤ የእንጆሪ ዛፍ ብላት አውቃው ኖሮ፣ ከሌላ ቦታ አስመጥታ ጉልበቴ የማይደርስ ችግኝ ሰጠችኝ። ስትሰጠኝም፣ ይህ ዛፍ መነካካት አይወድም፣ ውሃም አያብዙበት፣ ቦታውን ከለመደ በኋላ ዝም ብለው ይተዉት አለችኝ። እሺ አልኳት። እሺ ማለት እንደማይከብደኝ ቀደም ብዬ ነግሬያችኋለሁ።

ጎረቤቴ ጡረታ የወጣ የአውቶቡስ ሹፌር ነው። ስተክል አጥሩ ላይ ክንዱን ደግፎ ሲያየኝ ቆየና ምን እንደሆነ ጠየቀኝ። ነገርኩት። እሱ የሚያውቀው እንጆሪ መሬት ለመሬት የሚሳብ ስለሆነ፣ እንጆሪ ዛፍ ላይ ከተለቀመ ድንችም ከጣሪያ ላይ መውረዱ አይቀርም ብሎ ሳቀብኝ። እኔ ምን አገባኝ። ባለቤቴ ወጥታ ችግኙን አየች፤ ጎንበስ ብላ ቅጠሉን በሁለት ጣቷ ያዘችና የጨርቅ ጥራት እንደምታይ አድርጋ አሸት አደረገችው። «እሱ ነው» አለች። ያን ቀን የዓለም ንጉሥ ነበርኩ።

ችግኙ ጸደቀ። ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው ቁመት ሲያክል ግን እጄ ከዳኝ።

መጀመሪያ ሻዩ ነው አልኩ፤ ሻይ ተውኩ። ቀጥሎ የጸጉር ማሽኑ ነው የሚያንቀጠቅጠኝ ብዬ በመቀስ ብቻ ልሠራ ሞከርኩ። እጄ እንደሆነ የገባኝ የሹፌሩን ጆሮ የቆረጥኩ ዕለት ነው። ትንሽ ናት፣ ጫፏን ነው፤ ግን ጆሮ ትንሽም ብትሆን ትደማለች። ሹፌሩ ጨርቁን እንደለበሰ ጆሮውን በእጁ ይዞ «ጫፍ ጫፉን ያልኩህ ጸጉሬን ነበር» አለኝ። አብረን ሳቅን። ከሳቁ በኋላ ግን ዓይኔን ለማየት አልፈለገም፣ እኔም የእሱን። ሐኪሙ መረመረኝና ከዕድሜ የሚመጣ ነው፣ አይገድልም፣ አይድንምም አለኝ። ደግነቱን ሲጨምርልኝ ደግሞ ስለታም ነገር ባይዙ ይመረጣል አለ። ለጸጉር ቆራጭ!

ደንበኞቼ ጨዋዎች ናቸው፤ ማንም ክፉ አልተናገረኝም። ብቻ በጠራራ ፀሐይ ኮፍያ ማድረግ ጀመሩ። ጸጉሬ ገና ነው ይለኛል አንዱ፣ ከኮፍያው ሥር ትኩስ የተላጨ ማጅራቱ እያበራ። ሌላው እኔን ሲያይ ወደ ማዶ ይሻገራል። ሆድ ባሰኝ። አግዳሚው ላይ ለብቻዬ ተቀምጬ የራሴን ወንበር ሳይ ውዬ እገባ ጀመር። በመጨረሻ ጡረታ ወጣሁ ብዬ አስወራሁና ወንበሩንና መስታወቱን በጋሪ አስጭኜ ወደ ቤት አመጣሁ፤ ከኋላ በረንዳ ላይ አስቀመጥኳቸው። ጡረታ የሚያወጣ መሥሪያ ቤት እንዳልነበረኝ ሰው ሁሉ ያውቃል፤ ግን እንኳን ደስ ያለህ አሉኝ።

አንድ ጠዋት በረንዳዬ ላይ፣ በገዛ ወንበሬ ላይ ተቀምጬ መስታወቱን ሳይ፣ ከኋላዬ አንድ ጨብራራ ራስ ታየኝ። ዞር ስል ዛፉ ነው። አንዱ ቅርንጫፍ ወደ ግራ ሄዷል፣ ሌላው ወደ ላይ ተመንድጓል፤ ከእንቅልፉ ተነስቶ ሳይበጠር የመጣ ደንበኛ ነው የሚመስለው። እጄ በላኝ። መቀሴን አምጥቼ ጫፍ ጫፉን ብቻ ብዬ ጀመርኩ።

አቤት ደስታ! ዛፍ አይደማም። ዛፍ ኮፍያ አያደርግም። እጄ ቢንቀጠቀጥ ቅጠሉም ይንቀጠቀጣል፣ ተግባብተን እንሠራለን። ከሰው ራስ በተለየ ደግሞ እዚህ ላይ እውነተኛ ጨዋ ሆንኩ፤ ወደ መሀሉ አልገባሁም፣ ጫፉን ብቻ ነበር የምነካው። ነጩን ጨርቅ ግንዱ ላይ እስከማሰር ደርሻለሁ። ቆርጬ ስጨርስ ወደ ኋላ ፈቀቅ ብዬ አየዋለሁ፣ መስታወቱንም አዞርለታለሁ። ደንበኛዬ የሚል ስም አወጣሁለት። ባለቤቴ ከስፌት መኪናዋ አጠገብ ካለው መስኮት ታየኛለች፤ አንዳንዴ ፈገግ ትላለች። ያጣሁትን ሥራ መልሼ ያገኘሁ ያህል እየዘፈንኩ ነበር የምሠራው። ዛፉ ድቡልቡል ኳስ ሆነ። አላፊ አግዳሚው በአጥሩ ላይ እያየ ማን ቆረጠልህ ይለኛል።

ፍሬ ግን የለም።

ብርድ በገባ ቁጥር ዛፉ ጫፍ ጫፉ ላይ አንድ የሚያስጠላ ነገር ያወጣል፤ ነጣ ያለ አረንጓዴ፣ ቅንጥብጣቢ የሚመስል ትንንሽ እንክብል። እኔ ደግሞ የራስ ቆዳ ሳይ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ገና ሳየው አወቅሁት። ፎረፎር ነው። ለሹፌሩም በአጥር ላይ ጠርቼ አሳየሁት፤ ራሱን በሐዘን ነቀነቀ፣ አማቹንም አላስቀምጥ ብሎት እንደነበር ነገረኝ። መድኃኒቱ ማሳጠር ነው ብዬ በየዓመቱ ፎረፎሩ ብቅ ሲል ቶሎ ብዬ እቆርጠዋለሁ። አንድ እንኳን አላመለጠኝም። በሥራዬ ጥንቁቅ ሰው ነኝ።

ባለቤቴ በፊት በፊት ጠዋት ጠዋት ወጥታ ዛፉን ታይ ነበር። ቅጠሉን ገለጥ ገለጥ አድርጋ ትፈልግና ትመለሳለች። አንድ ሰሞን ላይ ግን መፈለጓን ተወች። ቅር ያለኝ ይሄ ነው። ምነው ብላ ብትወቅሰኝ እንኳ በተሻለኝ። ለዚህች ሴት የገባሁት ቃል ብዙ ነው፤ ቀለም የተቀባ ሳሎን፣ ባሕር ዳርቻ ሽርሽር፣ የማያንኳኳ የስፌት መኪና። አንዱንም አልፈጸምኩም። ዓይኗም እየደከመ ነው፣ መርፌ ውስጥ ክር የማስገባላት እኔ ነኝ፤ እኔ በሚንቀጠቀጥ እጅ፣ እሷ በማያይ ዓይን፣ ለአንዲት ክር ረፋዱ ያልፋል። ይቺን አንዲት ፍሬ እንኳን ሳላበላት ሁለታችንም እንዳናልቅ ፈራሁ። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ሆነብኝ።

ማዳበሪያ ጨመርኩ። አፈሩን ኮተኮትኩ። ሹፌሩም ከልቡ አዘነልኝና የራሱን ዘዴ አመጣ። አሮጌ አውቶቡስ ካልሰደቡት አይነሳም ይላል። እሱ የነዳው አንዱ አውቶቡስ ጠዋት ጠዋት እናቱን ካልጠሩበት ሞተሩ አይሠራም ነበር። እንግዲህ ዛፍም ያው ነው ተባብለን፣ እሱ ከአጥሩ ማዶ እኔ ከአጥሩ ወዲህ ሆነን ዛፉን ተራ በተራ ስድብ አወረድንበት። መካን አልኩት፣ ሰነፍ አልኩት፣ የሰው ጉልበት በላተኛ አልኩት። በመጨረሻ መቀሴን ፊቱ ላይ እያንቀጫቀጭኩ፣ ዘንድሮ ካላፈራህ እቆርጥሃለሁ አልኩት። ባለቤቴ በመስኮት ሰምታን ኖሮ የስፌት መኪናዋን አቁማ በሁለት እጇ ፊቷን ሸፍና ትስቃለች። ሳቅ ከማብዛቷ የተነሳ ተናደድኩ።

በንዴቴ ወደ ችግኝ ሻጯ ሄድኩ። መካን ዛፍ ሸጠሽልኛል ልላት ነው፤ ካልሆነም ቢያንስ የፎረፎሩን መድኃኒት ትስጠኝ። ሐኪም ቤት ናሙና ይዞ እንደሚሄድ በሽተኛ፣ ያን ጠዋት የቆረጥኩትን ጫፍ በፌስታል ጠቅጥቄ ይዣለሁ። ሴትየዋ ስታየኝ ተነስታ ወንበሯን ሰጠችኝ፤ አልቀመጥም አልኩና ቅሬታዬን ከሀ እስከ ፐ አወረድኩት። ከዚያ ፌስታሉን ተቀብላ ከፈተች፤ አንዱን ጫፍ አውጥታ እንክብሉን በጥፍሯ ፈልቀቅ አደረገችው። ውስጡ ነጭ ነው።

«ጋሼ» አለችኝ፣ በጣም ቀስ ብላ፣ «ይሄ እኮ እንቡጥ ነው። አበባውን ነው በፌስታል ይዘውልኝ የመጡት።»

ይህ ዛፍ የሚያብበው ጫፉ ላይ ነው አለችኝ። ያበበውም ፍሬ ሆኖ እስኪቀላ ዓመት ይፈጅበታል፤ ጫፉ በየጊዜው ከተቆረጠ መቼም ቢሆን አያፈራም። እኔ ፌስታሉን አያለሁ። ዕድሜዬን ሙሉ ጫፍ ጫፉን ብቻ ሲሉኝ እሺ እያልኩ መሀሉን ስቆርጥ ኖሬ፣ ጫፍ ጫፉን ብቻ ልቁረጥ ብዬ የወሰንኩበት አንድ ፍጡር ቢኖር፣ ያለው ነገር ሁሉ ጫፉ ላይ ነው! አይ እኔ። ልስቅ ነበር፤ ግን ሴትየዋ ግራ በመጋባት ታየኝ ነበር።

«ለእትዬ ነግሬያቸው ነበር እኮ» አለችኝ። «አልነገሩዎትም?»

የት ተገናኝታችሁ አልኳት። አንድ ሰሞን ባለቤቴ ራሷ መጥታ ነበር፤ ከተቆረጠው አንዱን ጫፍ በመሐረብ ጠቅልላ ይዛ። ጠይቃ፣ መልሱን ሰምታ፣ አመስግና ሄደች። መፈለጓን የተወችበት ሰሞን መሆኑን በልቤ አሰላሁ።

ወደ ቤት ስመለስ ምን ያህል እንደተቆጣሁ ልነግራችሁ አልችልም። እያወቀች! በየዓመቱ መቀስ ይዤ ስጨፍር፣ ዛፍ ስሰድብ፣ ፎረፎር ነው ብዬ ለጎረቤት ሳስተምር፣ በመስኮት እያየች! የምላትን በየመንገዱ ስደረድር፣ ሹፌሩ ከደጅ ሆኖ ሰላም ሲለኝ እንኳን አልመለስኩለትም። ገባሁ። መኪናዋ ላይ የተማሪ ሸሚዝ ኮሌታ ትሰፋለች።

«ችግኝ ሻጯ ጋ ሄጄ ነበር» አልኳት።

መኪናዋን አላቆመችም። «ምን አለችህ?»

«የምትለውንማ ታውቂዋለሽ።»

መኪናዋ ቆመች። ኮሌታውን ከመርፌው ሥር አወጣችና ጭኗ ላይ አስቀመጠችው። ለምን ዝም እንዳለችኝ ጠየቅኋት። ፍሬውን የምትፈልገው እሷ፣ ቃሉን የገባሁት ለእሷ፣ የሚቃጠለው ዓመት የሁለታችን። ድምፄን ከፍ አድርጌ ነበር። እሷ አላደረገችም።

«ሰው ሁሉ ኮፍያ እያደረገ ሲሸሽህ» አለች፣ «ቁጭ ብሎ የተቆረጠልህ እሱ ብቻ ነው። እሱንም ልከልክልህ?»

በየመንገዱ የደረደርኩት ሁሉ ከአፌ ጠፋ። እሷ ኮሌታውን መልሳ መርፌው ሥር አስገባች፣ ዓይኗን ጠበብ አድርጋ መስመሩን ፈለገች።

«እኔ እንደሁ አንዴ በልቼዋለሁ» አለችና መኪናዋን አስነሳች።

በረንዳው ላይ ወጥቼ ወንበሬ ላይ ተቀመጥኩ። አለቀስኩ፤ ብዋሽ ምን ይጠቅመኛል። መስታወቱ ውስጥ አንድ የሚያለቅስ ሽማግሌ አለ፣ ከኋላው ደግሞ በጣም ጥሩ የተቆረጠ ዛፍ። አጎቴ ስለ መቀስ ማስቀመጥ ይለኝ የነበረው ትዝ አለኝ፤ ያኔ ለምን ይተነፍስ እንደነበር ገባኝ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። ተነሳሁና መቀሴን ወስጄ ሰጠኋት። ብጠይቅሽም እንዳትሰጪኝ አልኳት። በቁራጭ ጨርቅ ጠቀለለችውና መሳቢያዋ ውስጥ፣ ከራሷ መቀስ ጎን አስቀመጠችው።

ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ ስቃይ ነበር። ዛፍ ሲያድግ ዝም ብሎ ማየት የሚችል ሰው የተባረከ ነው። ደንበኛዬ በዚህ በኩል ጎፈሬ አወጣ፣ በዚያ በኩል ቆንዳላ። እንዳላየው መስታወቱን ወደ ግድግዳ አዞርኩት። ሹፌሩ በአጥር ላይ ብቅ ብሎ ዛፍህ ሸፈተ እንዴ ይለኛል። እጄን እንዳያሳክከኝ ሥራ ፈልጌ የባለቤቴን የሸሚዝ ቁልፎች በየመጠናቸው መለየት ያዝኩ፤ በሚንቀጠቀጥ እጅ የአንዱ ሣጥን ቁልፍ ሌላው ውስጥ ስለሚገባ፣ እሷ እንደገና ትለያቸዋለች። አንድ ጊዜማ አቅቶኝ የጥፍር መቁረጫ ይዤ ወጣሁ። ደግነቱ ባለቤቴ አሳለችና ተመለስኩ።

ብርዱ ሲገባ ፎረፎሩ መጣ። እጄን ወደ ኋላ አስሬ አየሁት። እንክብሎቹ ወፈሩ፣ ነጡ፣ ተንጠለጠሉ፤ የሕፃን ሸሚዝ ቁልፍ የሚያህሉ ነጫጭ አበቦች ሆኑ። ንብ ሞላው። ሹፌሩ ስድባችን ሠርቷል ብሎ ለሰፈሩ አወራ፤ እኔም አላስተባበልኩም። አበባው ረግፎ ትንንሽ አረንጓዴ ፍሬ ያዘ፤ ከዚያ እሷኑ ይዞ ተቀመጠ። ወራት አለፉ፣ አረንጓዴ ናት። ዝናብ መጥቶ ሄደ፣ አረንጓዴ ናት። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ ዛፉም እንደኔው ግትር መሆኑን ያኔ አወቅሁ። ቢጫ ሆነች፣ ቀጥሎ ብርቱካናማ። ብርዱ እንደገና ሲገባ ቀላች፣ ከጎኗም አዲሱ አበባ ፈነዳ።

ባለቤቴን ጠራኋት። ሸሚዝ በእጇ እንደያዘች ወጣች። ዛፉ ሥር ቆማ ወደ ላይ ቀና አለች፤ ቀይ ፍሬና ነጭ አበባ አንድ ላይ። ምን እንደምታስብ አውቃለሁ፣ አላቋረጥኳትም። ቆይታ ሸሚዙን ትከሻዋ ላይ ጣል አደረገችና እጇን ዘርግታ ከቅርንጫፉ ላይ አንዷን ቀጠፈች።

«አሁንስ የሰው አይደለም» አለች፣ ለእኔ አልነበረም።

በላችው። ስታኝክ ፊቷን አያለሁ። ምን ምን ይላል አልኳት። አኘከች፣ አኘከች፣ ዋጠች።

«ምንም ምንም አይልም» አለችና ሳቀች። ዛፉን ተደግፋ፣ ዓይኗ እንባ እስኪሞላ ሳቀች። አላመንኳትም፤ እኔም አንዷን በላሁ። ቆዳዋ ሻካራ፣ ውስጧ ዱቄት ዱቄት የሚል፣ ጣፋጭ ነው እንዳይሉት ያልጣፈጠ፣ ጎምዛዛ ነው እንዳይሉት ያልጎመዘዘ። ለዚች ነው እንግዲህ ያ ሁሉ መከራ! ሹፌሩም በአጥር ላይ አንዷን ተቀብሎ ቀምሶ፣ ከጣሪያ የሚወርደው ድንች ይሻል እንደነበር ነገረኝ። ባለቤቴ ግን ሁለተኛዋን ቀጠፈች፣ ከዚያም ሦስተኛዋን። ምንም የማይለውን ነገር ምን ያስበላሻል አልኳት።

«ደስ ይላል» አለች።

ወደ ቤት ገባች። ሥራዋ ላይ የተመለሰች መስሎኝ ዛፉ ሥር ቀረሁ። የመሳቢያ ድምፅ ሰማሁ። ስትመለስ በቁራጭ ጨርቅ የተጠቀለለ ነገር ይዛለች። መስታወቱን ከግድግዳው መልሳ አዞረችው፤ ወንበሬ ላይ ያለውን ቅጠል በእጇ ጠረገችና ተቀመጠች። ጥቅሉን አቀበለችኝ። ሻሿን ፈታች። ጸጉሯ ሸብቷል፣ ሳስቷልም፤ አብሬያት አርጅቼ ጀርባውን በቀን ብርሃን እንዲህ አቅርቤ አይቼው አላውቅም ነበር።

«እጄን አታይውም?» አልኳት።

«አየዋለሁ።» መስታወቱ ውስጥ ተያየን። «ጫፍ ጫፉን ብቻ።»

እሺ አልኳት። ነጩን ጨርቅ አንገቷ ላይ አሰርኩ፤ ለማሰር ራሱ ብዙ ጊዜ ወሰደብኝ፣ ጠበቀችኝ። ቀኝ እጄን በግራ እጄ ደግፌ፣ ትንፋሼን ይዤ፣ ከጫፉ ትንሽ ቆረጥኩ። ወደ ቀኝ ዞርኩ፣ ትንሽ ቆረጥኩ። ከዚያ እንደ ልማዴ ወደ ኋላ ፈቀቅ ብዬ ሳይ፣ ግራው ከቀኙ አጥሯል። ላስተካክለው እጄን አነሳሁ።

መቀሱን ከመስታወቱ ሥር አስቀመጥኩት።

ግራው አሁንም እንዳጠረ ነው። እኔ አልነገርኳትም፤ እሷም በየቀኑ መስታወት እያየች ዝም ብላለች።